ሙጫው ለመንግሥት፣ ቅጠሉ ለመንደር፦ የኡታራክሃንድ የቺር ዛፍ ጉዳይ

በሰሜን ሕንድ፣ በሂማላያ ግርጌ፣ ኡታራክሃንድ የሚባል ክልል አለ። እዚያ በየዓመቱ ግንቦት ሲመጣ አንድ ዛፍ ይሰደባል። ጋዜጠኛው ይሰድበዋል፤ ፖለቲከኛው ይሰድበዋል፤ ለላሟ ሣር ፍለጋ ቁልቁለት የምትወርደው እናትም አትምረውም። ዛፉ ቺር ይባላል፤ የፓይን ዘር ነው። ክሱ ብዙ ነው። እሳት ይጠራል፣ ምንጭ ያደርቃል፣ ሣር ይገድላል፣ ሌላውን ዛፍ ያባርራል። በዚያ ላይ እንግሊዞች ይዘውብን የመጡት መጤ ነው የሚለው አይጠፋም።

ይህ የመጨረሻው ውሸት ነው። ቺር የሂማላያ ተወላጅ ነው። ከአፍጋኒስታንና ከፓኪስታን ጀምሮ በሕንድና በኔፓል አልፎ እስከ ቡታን ድረስ፣ ማንም ሳይተክለው የበቀለ ነው። ሌሎቹ ክሶች ግን ግማሽ እውነት አላቸው። ያንን ግማሽ ለማግኘት ዛፉን ክፍል በክፍል ማየት ይሻላል። ቅጠሉ የማን ነው? ሙጫው የማን ነው? ግንዱስ? እኔ እንደማየው የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ክፍፍል ላይ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ዛፉን እንወቀው

ጥድ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የሚቆመውን የሀበሻ ጥድ ነው። ቺር ከእሱ ጋር አይገናኝም። በየተራራችን ከተተከለው ፓቱላ ከሚባለው ፓይን ጋር ግን ዘመዳሞች ናቸው። ፓቱላን ያየ ሰው ቺርን ለመገመት አይቸገርም።

የሳይንስ ስሙ ፒነስ ሮክስበርጊ ነው። የካልካታን የዕፅዋት ቦታ ይመራ በነበረው በስኮትላንዳዊው ዊልያም ሮክስበርግ ስም የተሰየመ ነው። ቺር ቀጥ ብሎ የሚያድግ ረጅም ዛፍ ነው። 30 ሜትር መድረስ አያስደንቀውም፤ ደህና መሬት ካገኘ እስከ 50 ሜትር ይሄዳል። ቅርፊቱ ቀላ ያለ ቡናማ፣ ወፍራም፣ በጥልቅ ስንጥቅ የተከፋፈለ ነው። በአብዛኛው የሚበቅለው ከባሕር ወለል በላይ ከ500 እስከ 2000 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። ከዚያ ሽቅብ ሲወጡ ሰማያዊ ፓይን የሚባለው ወንድሙ ይተካዋል። ሁለቱን ለመለየት ቅጠል መቁጠር ይበቃል። የቺር ቅጠል እንደ መርፌ የቀጠነ ነው፤ ሦስት ሦስት እየሆነ ከአንድ ሥር ይወጣል። የሰማያዊው ግን አምስት አምስት ነው።

የቺር መርፌ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። መርፌው ውበት ብቻ አይደለም፤ ጣጣም አለው፤ እመለስበታለሁ። ፍሬው ሰዎች ለገና ጌጥ የሚሰበስቡት ዓይነት ነው፤ ጠንካራ ቅርፊት በቅርፊት ላይ የተደራረበበት፣ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ። ለመብሰል ሁለት ዓመት ይፈጅበታል። በስሎ ሲከፈት ክንፍ ያላቸው ዘሮች ይበትናል። ዘሩ በነፋስ ይሄዳል።

አሁን ዋናው ነገር ጊዜው ነው። በኡታራክሃንድ ከማርች እስከ ጁን ያለው ወቅት ደረቅና ሞቃት ነው። ቺር አሮጌ መርፌዎቹን በብዛት የሚያራግፈው በእነዚሁ ወራት ነው። ፍሬውም የሚከፈተው በዚያው ሰሞን ነው። መርፌው ሙጫ ያለበት ስለሆነ እንደ ጉድ ይነዳል። ቶሎ ስለማይበሰብስም ያምናው ከዘንድሮው ጋር ይደራረባል። አንድ ሰው ክብሪት ቢጥል ወይም የእርሻ ገለባ ሲያቃጥል እሳቱ ቢያመልጠው ቁልቁለቱ ሙሉ በሙሉ ይያያዛል። እሳቱ መሬት መሬቱን ይሄዳል፤ ሣሩን፣ ቁጥቋጦውን፣ የሌላውን ዛፍ ችግኝ ጠርጎ ያልፋል። ትልቁ ቺር ግን በወፍራም ቅርፊቱ ተሸፍኖ ይተርፋል። ዘሩ በተራቆተው መሬት ላይ ያርፋል። ከዚያ ክረምቱ ይገባል፤ ዘሩ ይበቅላል።

የቺር ችግኝ ደግሞ ሌላ ጉድ አለው። ከላይ ቢቃጠልም ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። አብዛኞቹ የፓይን ዝርያዎች ይህን አይችሉም። የቅርብ ዘመዱ የሚገኘው ከሂማላያ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ በካናሪ ደሴቶች ላይ ነው። እሱም እሳት የማይበግረው መሆኑ ይታወቃል። እንግዲህ ቺር ከእሳት ጋር አብሮ የኖረ ዛፍ ነው። ለጥቂት ዓመታት እሳት ደጋግሞ ከጎበኘ፣ የሚያተርፈው እሱ ነው።

ጎረቤቱ ኦክ

ቺር ብቻውን አይኖርም። ከፍታው እየጨመረ ሲሄድ ባንጅ የሚሉት የኦክ ዛፍ አለ። ለገበሬው ባንጅ ማለት ሕይወት ነው ቢባል አላጋነንኩም። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ስለሆነ ለከብት መኖ ይሆናል። የረገፈው በስብሶ ጥሩ ማዳበሪያ ይወጣዋል። እንጨቱ ለማገዶና ለማረሻ ነው። ከባንጅ ደን ሥር ያለው አፈር ውሃ ይይዛል፤ ተራራ ላይ ያለ ሰው ደህና ምንጭ የት እንዳለ ብትጠይቁት ወደ ባንጁ ጫካ ያመለክታችኋል።

ታዲያ ቺር ባንጅን አባረረ የሚባለው እውነት ነው? ቺር ጥሩ ጥላ ያለበት ጤነኛ የባንጅ ደን ውስጥ መግባት ይቸግረዋል። ብርሃን ይፈልጋል። የሚገባው ሌላ ሰው በሩን ሲከፍትለት ነው። ባንጁ ለመኖ ያለ ልክ ሲመለመል፣ ለከሰል ሲቆረጥ፣ ችግኙ በከብት ሲጋጥ፣ በዚያ ላይ እሳት ሲደጋግመው ደኑ ይሳሳል። ያኔ የቺር ክንፋም ዘር ብርሃንና ባዶ መሬት ያገኛል። ስለዚህ ቺር ወራሪ ነው ከማለት ወራሽ ነው ማለቱ ይሻለኛል።

ሙጫው

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የቺር ግንድ ሲበጣ ሙጫ ያፈሳል። እዚያ ሊሳ ይሉታል። አሠራሩን መተማ ወይም ትግራይ እጣን ሲመረት ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል። የቅርፊቱ ገጽ ይፋቅና ይበጣል፤ ከሥሩ የብረት ምላስና ኩባያ ይሰካል፤ ሙጫው ወደ ኩባያው ይንጠባጠባል። ቁስሉ እንዳይደርቅ በየጥቂት ቀኑ ይታደሳል። በኋላ የመጣው ዘዴ በቀጭን ቢላ ሰያፍ መስመር እየሰነጠቁ ቀጠን ያለ አሲድ መርጨት ነው። ሥራው አድካሚ ነው፤ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ከኔፓል የሚመጡ ናቸው።

ሙጫው ፋብሪካ ገብቶ ሲነጠር ሁለት ነገር ይሰጣል። ትልቁ ድርሻ ሮዚን ነው፤ ጠጣር፣ ቢጫማ፣ እንደ መስተዋት የሚሰበር። ወረቀት፣ ሳሙና፣ ቫርኒሽና ማጣበቂያ ይሠራበታል፤ ቫዮሊን ተጫዋችም ደጋኑን ያሽበታል። ሌላው ተርፐንታይን ነው፤ ቀለም ቀቢዎቻችን አኳራጅ ለሚሉት ማቅጠኛ ቅርብ ነገር። የኡታራክሃንድ ምሥራቃዊ ክፍል በሆነው በኩማኦን ሙጫ ማውጣት በስፋት የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ በእንግሊዞች ነው። ለዚያ ገበያ ቺር ወርቅ ሆነ።

ግንዱም ሥራ አላጣም። እንጨቱ በተፈጥሮው ቶሎ ይበሰብሳል፤ አንዳንዱም ዛፍ ጭረቱ እየተጠማዘዘ ያድግና ለጣውላ አይሆንም። ግን መከላከያ ኬሚካል ከጠጣ ከባቡር ሐዲድ ሥር ለመጋደም ይሆናል። የሕንድ ባቡር ደግሞ እንጨት አይጠግብም ነበር። በቤት ሥራና በዕቃ ማሸጊያ ሣጥንም ተፈላጊ ነው። ገበሬው በበኩሉ ሙጫ የቋጠረውን እንጨት ሰንጥቆ እንደ ችቦ ያበራዋል፤ እሳት ማያያዣም ያደርገዋል።

1921፦ የተመረጠ እሳት

እንግሊዞች ኩማኦንን የያዙት ከኔፓል ጎርካዎች ጋር ተዋግተው፣ በ1815 ነው። ከ1911 እስከ 1917 ባሉት ዓመታት ደግሞ የኩማኦንን ሰፊ ጫካ ጥብቅ ደን ብለው ከለሉት። የመኖ፣ የግጦሽ፣ የማገዶ መብት ተቆጥሮና ተለክቶ ተሰጠ። ዋናው ግን እሳት መከልከሉ ነበር። ገበሬው ከድሮ ጀምሮ ከክረምት በፊት የቺር መርፌውን ያቃጥል ነበር፤ ካላቃጠለው ከሥሩ አዲስ ሣር አይወጣለትም፤ ከብትም ሰውም በመርፌው ላይ ያንሸራትተዋል። ለደን መሥሪያ ቤቱ ግን እሳት ማለት የሙጫና የጣውላ ኪሳራ ነው። ያው ዛፍ፣ ያው ቁልቁለት፣ ሁለት የማይታረቅ ፍላጎት።

በዚህ ላይ ቤጋር ነበር። ቤጋር የግዳጅ ሥራ ነው፤ ባለሥልጣን ሲጓዝ ጓዙን የሚሸከመው ገበሬው ነው። በጃንዋሪ 1921 በባጌሽዋር ከተማ፣ በኡታራያኒ ገበያና በዓል ላይ፣ የነፃነት ታጋዩ ባድሪ ዳት ፓንዴና ጓደኞቹ ሕዝቡን አስተባበሩ። የቤጋር መዝገቦች ሳርዩ ወንዝ ውስጥ ተወረወሩ። ግዳጁም በዚያው ቀረ።

በዚያው ዓመት በጋ የኩማኦን ጥብቅ ደኖች ነደዱ። ብዙው እሳት ሆን ተብሎ የተነሳ ነበር። የሚያስገርመው የተቃጠለው የቱ እንደሆነ ነው። የነደደው በመንግሥት እጅ ያለው፣ ሙጫ የሚወጣበት የቺር ደን ነው። በዚያው መንግሥት እጅ የነበረው ሰፊ ቅጠል ያለው ደን፣ ባንጁና ጓደኞቹ፣ በአብዛኛው አልተነካም። ይህን እንግዲህ የሰከረ እሳት ነው ማለት ይከብዳል። ሰዎቹ የሚያቃጥሉትን አሳምረው ያውቁ ነበር።

መንግሥት ደነገጠ። አንድ የቅሬታ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ጫካውን ለሁለት እንዲከፈል ሐሳብ አቀረበ። ለንግድ ብዙም የማይጠቅመው ከደን መሥሪያ ቤቱ እጅ ወጥቶ ለሕዝቡ ፈታ ተደረገለት። ለንግድ የሚጠቅመው፣ በተለይ ቺሩ፣ እዚያው መሥሪያ ቤቱ ዘንድ ቀረ። በ1931 ደግሞ ቫን ፓንቻያት የሚባል የመንደር ደን ምክር ቤት በሕግ ተፈቀደ። ዛሬ በኡታራክሃንድ ከ11 ሺህ በላይ እንዲህ ያሉ ምክር ቤቶች አሉ። ጥሩ ነገር ነው። ግን ልብ በሉ፣ በመንደር ደን ውስጥ እንኳ ሙጫውን የሚያስበጣውና የሚሸጠው የደን መሥሪያ ቤቱ ነው፤ መንደሩ ድርሻ ይሰጠዋል እንጂ።

በቀን ፋኖስ

ሕንድ ነፃ ከወጣች በኋላም አሠራሩ ብዙ አልተለወጠም። ኮንትራክተሩ ሕንዳዊ ሆነ፣ ጨረታው ቀጠለ። በ1973 የቺፕኮ ንቅናቄ ተጀመረ፤ ዛፍ አቅፎ ምሳር መከልከል። ዓለም የሚያውቀው የ1974ቱን የሬኒ መንደር ታሪክ፣ ጋውራ ዴቪ ሴቶችን መርታ ቆራጮቹን ያስቆመችበትን ነው። ለቺር ጉዳይ ግን እኔ የምመርጠው የ1977ቱን የአድዋኒን ነው።

አድዋኒ በኡታራክሃንድ ምዕራባዊ ክፍል፣ በጋርዋል፣ በሄንዋል ሸለቆ ያለ ደን ነው። ዛፉን የመቁረጡ ኮንትራት የአካባቢው የመንደር ሹም እጅ ነበር። ተቃውሞውን የመራችው ደግሞ ባችኒ ዴቪ፣ የሹሙ የገዛ ሚስቱ ነበረች። እንደሚተረከው፣ ሴቶቹ በጠራራ ፀሐይ ፋኖስ አብርተው ወደ ጫካው መጡ። የደን ሹሙ ምን ማለታችሁ ነው ሲላቸው፣ የደን አያያዝ ልናስተምርህ ነው አሉት። እሱም ተቆጥቶ ጫካ የሚሰጠውን ታውቃላችሁ ወይ፤ ሙጫ፣ ጣውላ፣ የውጭ ምንዛሪ ነው አላቸው። የሴቶቹ መልስ መፈክር ሆኖ ቀረ፦ ጫካ የሚሰጠው አፈር፣ ውሃና ንጹሕ አየር ነው። በዚያ ሰሞን የንቅናቄው ሰዎች ከተበጡት ቺሮች ላይ የብረት ምላሱን እየነቀሉ ቁስሉን በጭቃ ለጠፉት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አይምለጠን። እነዚያ ሴቶች ቺርን ጠልተው አልነበረም፤ ቁስሉን ያከሙት እኮ የቺርን ነው። ዛሬ ቺር ይውደም የሚለው ወሬ በቺፕኮ ስም ሲነገር እሰማለሁ፤ አይገባኝም።

ንቅናቄው ውጤት አመጣ። በ1981 ከ1000 ሜትር በላይ ባለው ተራራ ላይ እርጥብ ዛፍ ለንግድ መቁረጥ ተከለከለ። ኮንትራክተሩ ምሳሩን ይዞ ወረደ። ሙጫው ግን አልቆመም። እገዳው ዛፍን ከዛፍ ስላልለየ፣ ባንጅን ያዳነው ሕግ ቺርንም አብሮ አዳነ። በዚህ ምክንያት ቺር ያለ ልክ ተስፋፋ የሚሉ አሉ፤ እገዳው ይነሳ የሚለው ክርክርም እስከ ዛሬ አለ።

ማንም የማይፈልገው ክፍል

ዛሬ ቺር በኡታራክሃንድ ወደ 400 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ መሬት ይሸፍናል። ያ ሁሉ መርፌ በየዓመቱ ይረግፋል። እዚያ ፒሩል ይሉታል። ድሮ ገበሬው ከብቶቹ ሥር ይጎዘጉዘው ነበር፤ ከእበት ጋር ሲቀላቀል ማዳበሪያ ይሆናል። ዛሬ ግን ሰው ከተራራው እየወረደ ነው። ወጣቱ ዴህራዱን ወይም ዴልሂ ገብቷል። ከብቱ ቀንሷል። ከብት ከሌለ ጉዝጓዝ የሚሰበስብ የለም። የተተወው እርከን ላይ ቺር ይበቅላል፤ ብርሃን ነውና። እሳት የሚያጠፋ ሰው ቀነሰ፣ የሚነደው ጨመረ።

በ2016 ከ4 ሺህ ሄክታር በላይ ደን ተቃጠለ። የአየር ኃይል ሄሊኮፕተሮች ከቢምታል ሐይቅ ውሃ እየቀዱ አፈሰሱ። በ2024 ይኸው ተደገመ። በዚያ ዓመት ጁን 13 ቀን በቢንሳር የዱር እንስሳት መጠለያ፣ ከአልሞራ ከተማ አጠገብ፣ እሳት ሊያጠፉ የሄዱ አራት የደን ሠራተኞች ሞቱ። ሌሎች ክፉኛ ተቃጥለው ወደ ዴልሂ ተወሰዱ። ሙጫ ጨረታ ላይ ስንት እንዳወጣ ሲነገር፣ ይህም ከሂሳቡ ጋር መደመር ነበረበት እላለሁ።

ፒሩልን ወደ ገንዘብ ለመለወጥ የተሞከረው ብዙ ነው። በፒቶራጋር ወረዳ፣ ቤሪናግ አካባቢ፣ አቫኒ የሚባል ድርጅት መርፌውን ወደ ጋዝ ለውጦ፣ በጋዙ ሞተር አንቀሳቅሶ ኤሌክትሪክ አመነጨ። ጥቂት ኪሎ ዋት ከሚያመነጭ አነስተኛ ማሽን ጀምሮ 120 ኪሎ ዋት ደረሰ። መርፌውን የሚሰበስቡት የመንደሩ ሴቶች በኪሎ ይከፈላቸዋል። ክልሉም በ2018 ከፒሩል ኃይል ማመንጨትን የሚያበረታታ ፖሊሲ አወጣ።

ሐሳቡ ያምራል፤ ሥራው ግን አስቸጋሪ ነው። መርፌው ቀላል ሆኖ ብዙ ቦታ ይይዛል፤ አንድ የጭነት መኪና ሞልቶ ክብደቱ እዚህ ግባ አይባልም። የሚሰበሰበው በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ያውም በሚያንሸራትት ቁልቁለት ላይ ነው። ጋዙ ሬንጅ መሰል ጥቀርሻ ስላለው ሞተሩ በደንብ ካልተጸዳ ይደፈናል። እንደ ጡብ ጨፍልቆ ለማገዶ መሸጡ ቀለል ይላል። ሁሉም መንገድ የሚቆመው ወይም የሚወድቀው ለሰብሳቢዋ በኪሎ በሚከፈላት ነው። ለዓመታት መንግሥት የሚከፍለው በኪሎ ጥቂት ሩፒ ነበር። በሜይ 2024፣ እሳቱ ከበረታ በኋላ፣ 50 ሩፒ እንከፍላለን የሚል ዘመቻ አወጀ። ከጥቂት ሩፒ ወደ 50 መዝለል ምን ይነግረናል? የመርፌው ዋጋ መጀመሪያውኑ የተተመነው እሳቱ የሚያወድመው ሳይታሰብ ነበር ማለት ነው።

ሲትላኬት

በአልሞራ ወረዳ ሲትላኬት የሚባል አካባቢ አለ። ከስያሂ ዴቪ ተራራ ሥር ነው። እዚያ ሴቶች ተደራጅተው የተጎዳውን ባንጅ ሳይቆረጥ እንዲያንሰራራ ጠበቁት። ባንጅ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ፋታ ካገኘ ችግኝ መትከል እንኳ አያስፈልግም። እሳት ሲነሳ ከደን ሠራተኛው ጋር ቀድመው የሚደርሱት እነሱ ናቸው።

ጥበባቸው ሁለት ነው፣ ሁለቱም ቀላል። አንደኛው የቀን ጉዳይ ነው። ገበሬው የእርከን ዳር ቁጥቋጦውንና ገለባውን ማቃጠሉ አይቀርም፤ ብዙ የደን እሳት የሚያመልጠውም ከዚያ ነው። ስለዚህ ሁሉም ከማርች መጨረሻ በፊት፣ መርፌው ሳይከመርና ነፋሱ ሳይሞቅ እንዲጨርስ ተስማሙ። ሁለተኛው ማረሻው ነው። የእንጨት ማረሻ በየጊዜው ባንጅ ያስቆርጣል። አልሞራ ያለው የተራራ ግብርና ምርምር ተቋም ቀላል የብረት ማረሻ ሠራ፤ በተራራው ስም ስያሂ ማረሻ ይባላል። አንድ ማረሻ በተለወጠ ቁጥር ባንጁ ከምሳር ያርፋል፤ ጥላው ከበረታ ደግሞ ለቺር ዘር ቦታ የለም።

የአካባቢው አስተዳደር አሠራሩን ለሌሎች መንደሮች ምሳሌ አድርጎ ወስዶታል። ሙጫው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከታች፣ በዝቅተኛው ቁልቁለት ላይ፣ ቺሩ አሁንም ይበጣል፤ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ሙጫ መንገድ ዳር ወዳለው መጋዘን ይሄዳል፤ ጨረታው የደን መሥሪያ ቤቱ ነው።